የሽማግሌ አፍንጫ

የቡራዩ ሰው በሁለት ነገር አይታማም፤ በለቅሶና በሰበብ። ለቅሶ ሲሆን ይመጣል፤ ካልመጣ ሰበብ አለው። የእኛ ሰፈር እድር ለብዙ ዓመት በዚህ ተስማምቶ ኖሯል። ለቅሶ የቀረ ሰው በስም ጥሪ ላይ "ጉንፋን ይዞኝ ነው" ይላል፤ ጸሐፊው "ይማርህ" ይለዋል፤ ነገሩ በዚያው ያልፋል። ጉንፋን ማንም የማይመሰክርበት፣ ማንም የማይክደው፣ ለድሃም ለሀብታም እኩል የተሰጠ ሰበብ ነበር።

ነገር የተበላሸው በኅዳር ነው። ብርዱ ከሱሉልታ በኩል ወርዶ ሰፈሩን ሲመታ እውነተኛው በሽታ ገባ፤ እውነተኛው ሲገባ ሐሰተኛውም በዛ። በዚያው ሰሞን አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን አረፉ። ጡሩንባው ተነፋ፣ ስማቸው ተለፈፈ፤ ድንኳን ለመትከል የመጣው ሰው ግን ሸራውን ከመጋዘን ለማውጣት እንኳ አልበቃም። በመጨረሻ ካስማውን የመቱት የሟቿ ልጆች ራሳቸው ናቸው። አንደኛው መዶሻውን ጣቱ ላይ አሳርፎ ሲጮህ፣ ለቀስተኛው ለእናቱ መስሎት አብሮት አለቀሰ።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ተሾመ ይህን አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሰበታ አንድ የጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ፣ በመብራት ፊት የሚያልፈውን ጠርሙስ ሲያዩ ነው። ደህናውን ማሳለፍ፣ የተሰነጠቀውን መጣል። ጡረታ ሲወጡ እጃቸው ወጣ እንጂ ዓይናቸው አልወጣም። ሰው ሲያናግሩ ትንሽ ዘወር አድርገው በብርሃን የሚያዩት ይመስላል።

በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤ ላይ ብድግ አሉ።

"ገላን የሚሠራው አማቼ እንደነገረኝ፣ የጉንፋን መመርመሪያ መጥቷል። በአፍንጫ ይገባል። ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው። ሁለት መስመር ካሳየ ታሟል፤ አንድ መስመር ካሳየ ዋሽቷል። አለቀ።"

አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው አፍንጫውን ነካ ነካ አደረገ።

አስፋልቱ ዳር መድኃኒት ቤት ያላት ትጊ ተጠርታ መጣች። ዕቃውን የምታስመጣው እሷ ስለሆነች ታሞካሸዋለች ብለን ጠብቀን ነበር። ትጊ ግን ነጋዴነት ያልተዋጣላት ሰው ናት፤ የምትሸጠውን ዕቃ ጉድለት አስቀድማ ትናገራለች።

"መጀመሪያ፣ ይሄ የሚያውቀው ኢንፍሉዌንዛን ብቻ ነው" አለች። "ተራውን ጉንፋን አያውቀውም። ሁለተኛ፣ አለ ሲላችሁ አብዛኛውን ጊዜ እመኑት። የለም ሲላችሁ ግን አትመኑት። አሥር በሽተኛ ብታመጡለት ሦስቱን፣ አራቱን፣ አንዳንዴ አምስቱን ሊያልፋቸው ይችላል።"

"ይዋሻል ማለት ነው?" አሉ ኦቦ ተሾመ።

"አይዋሽም። ይስታል።"

"ልዩነቱ ምንድነው?"

"ወጥመድ ሌሊቱን ባዶውን ካደረ፣ ቤቱ ውስጥ አይጥ የለም ይባላል?"

ኦቦ ተሾመ ወደ ጉባኤው ዞሩ። "ሰማችሁ አይደል? መድኃኒት ቤቷ አይጥ አለ።"

ሳቁ ሲበርድ ትጊ ልትቀጥል ሞከረች። ናሙናው ከውስጥ፣ ጠለቅ ተብሎ ካልተወሰደ ይብሳል፤ ሕመሙ ቀናት ካለፉትም አያገኘውም፤ መመርመር ያለበት ገና እንደጀመረ ነው። ኦቦ ተሾመ በትዕግሥት አዳመጧት። ከዚያ "ልጄ" አሏት፣ "በእኛ ፋብሪካ ጠርሙስ ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል። 'ምናልባት' የሚባል ጠርሙስ አይቼ አላውቅም።"

ተጨበጨበ። ምናልባት ለሚል ሰው ሲጨበጨብ እኔም አይቼ አላውቅም።

ደንቡ ወጣ። ሁለት መስመር ያሳየ ተኝቶ ይዳን። አንድ መስመር አሳይቶ ከለቅሶ የቀረ "ጤነኛ ቀሪ" ይባላል። ሦስተኛ ጊዜ ጤነኛ ቀሪ የሆነ ከእድሩ ይሰረዛል። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የቀረም ይቆጠርበታል፤ ያኔ መሣሪያ ስላልነበረ ጤነኛ እንደነበረ ይታሰባል።

መርማሪ ሆኖ የተመረጠው አለሙ ነው። አለሙ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከብት ሲከትብ የኖረ ሰው ነው። የሰው አፍንጫ ባያውቅም የበሬ አፍንጫ ያውቃል፤ ጉባኤውም ልዩነቱ የመጠን ነው ብሎ ተቀበለው። ክንዱ እንደ ካስማ የጠነከረ፣ አስተዳደጉ ግን የተመሰገነ ነው። በሽማግሌ ፊት አያልፍም፣ በሽማግሌ ፊት አያስነጥስም። ታክሲ ውስጥ መቀመጫውን ለሽማግሌ ይለቅና፣ እስከ አስኮ ድረስ ጎንበስ ብሎ ቆሞ ስለቆመ ይቅርታ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ተመርማሪ ባጃጅ ነጂው ቢኒ ነበር። ቢኒ እውነትም ታሞ ነበር።

"ቀና በል አንተ" አለው አለሙ።

"ቀስ በል ጋሽ አለሙ፣ ሰው ነኝ።"

"ዝም በል። በሬ እንኳ እንዳንተ አያወራም።"

አገጩን በአንድ እጁ ያዘ፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ያለውን ቀጭን እንጨት በሌላው አስገባ፤ አሁንም አስገባ። ቢኒ በኋላ ሲያወራው "የሦስተኛ ክፍል ትዝታዬን ነካው" ይላል። እንባው ወረደ። ሩብ ሰዓት ተጠበቀ። ሁለት መስመር።

ይህን በመስኮት ያዩ ሌሎች ወጣቶች በሚቀጥለው ለቅሶ ሳይጠሩ መጥተው ድንኳን ተከሉ። እውነት የታመሙት ብቻ ቀርተው ተመረመሩ፤ ሁሉም ላይ ለማለት ይቻላል ሁለት መስመር ወጣ። ኦቦ ተሾመ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተንጎራደዱ። መሣሪያው ይሠራል።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተዞረ። ጋሽ ፈቀደ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ሳል ይዟቸው ሰፈሩን ሲያስነቁ ሰንብተዋል። አለሙ እጁን ታጠበ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ በድፍረት እንዳያዩብኝ።"

እንጨቱን አነሣ፤ ከቅዱስ ሥዕል ላይ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው የአፍንጫቸውን ጠርዝ ዳበስ አደረገና መለሰው። ጋሽ ፈቀደ "ጀመርክ?" ብለው ጠየቁት። አንድ መስመር።

ሁሉም ሽማግሌና ሁሉም እናት አንድ መስመር ሆኑ። በሰፈሩ ውስጥ ሐሳብ መሰንዘር ተጀመረ። የዛሬ ልጅ ደሙ ውኃ ነው ተባለ። የድሮ ሰው ገብስ በልቶ ያደገ ነው፣ በሽታ አይደፍረውም ተባለ። ኦቦ ተሾመ ግን በብርሃን ካዩት በኋላ በጉባኤ ተናገሩ፦ "ልጆቹን ስናማ ኖርን። ውሸታሞቹ እኛ ትልልቆቹ ነን። መሣሪያ አያዳላም።" ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ፈቀደ ለመቃወም ተነሡ፤ ሳሉ አላናግር ብሏቸው ተቀመጡ። በቃለ ጉባኤው ላይ ተቃውሞ አልነበረም ተብሎ ተጻፈ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የሞተው በዚህ መካከል ነው። ጡሩንባው ማክሰኞ ማለዳ ሲነፋ እትዬ ማሪቱ ከአልጋቸው መነሣት አቅቷቸው ነበር።

እትዬ ማሪቱ ገበያው ዳር ሽሮና ምስር ይሸጣሉ። ከጎጃም የመጡ፣ ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ፣ በሰፈሩ ሰርግና ለቅሶ ላይ ትልቁን ድስት የሚያዙ ሴት ናቸው። ወይም ነበሩ። እናታቸው ከአልጋ ከዋሉ ወዲህ ከቤት መራቅ አይሆንላቸውም፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ለቅሶ ቀርተዋል። ሁለቱም በአዲሱ ደንብ ጤነኛ ቀሪ ተብለው ተቆጥረዋል። ሦስተኛው ከተጨመረ ከነእናታቸው ተሰረዙ ማለት ነው።

እትዬ ማሪቱ ለራሳቸው ቢሆን ግድ አልነበራቸውም። እናትየው ግን በዚህ ዓለም ላይ የቀራቸው ጥያቄ አንድ ነው። በየማለዳው ዓይናቸውን ሲገልጡ "እድሬ አለ?" ይላሉ። እትዬ ማሪቱ "አለ እማዬ" ይሏቸዋል፤ ያኔ ቁርሳቸውን ይቀበላሉ። በአገራቸው የሚያውቃቸው ሁሉ አልቋል። እዚህ ሲሞቱ የሚያውቃቸው ያ ጡሩንባ ብቻ ነው። ጡሩንባ ሳይነፋላቸው እንደ ባዳ መቀበር እንጂ ሞት አያስፈራቸውም።

አለሙ ማክሰኞ ጠዋት ከቀብሩ በፊት መጣ። ነጭ ጋዋኑን ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የድሮ መሥሪያ ቤቱ የላም ምስል አለ።

"እትዬ ማሪቱ፣ እንደምን አደሩ። ያው ታዝዤ ነው።"

"ግባ ልጄ። ታየኝ የለም? እሳት ሆኛለሁ። እስቲ እጄን ያዘው።"

እጃቸውን ያዘው። "እውነትዎን ነው፣ ያቃጥላል። ግን በእጅ መያዝ አይቆጠርም ተብሏል።"

"እሺ፣ በሚቆጠረው እየው።"

አለሙ ጎንበስ አለ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ የአፍንጫቸውን ጠርዝ ዳበሰ።

"አስገባው እንጂ" አሉ እትዬ ማሪቱ።

"ገብቷል እትዬ።"

"የት ነው የገባው?"

"እዚሁ… ደጁ ላይ።"

"ደጅ ቆመህ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ታውቃለህ?"

"በአንቱ ፊት ከዚህ በላይ አልደፍርም። እናቴ ከመቃብር ብትሰማ ምን ትለኛለች?"

ሩብ ሰዓት ተጠበቀ። እናትየው ከአልጋቸው "ምን መጣ?" አሉ። "አለሙ ነው እማዬ።" "የላሙ አለሙ? ላም አለን እንዴ?" መስመሩ ወጣ። አንድ ነው።

"እንኳን ደስ አለዎት" አለ አለሙ፣ አንገቱን ደፍቶ። "ጤነኛ ነዎት።"

እትዬ ማሪቱ ሳሉ፤ ሳላቸው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መመርመሪያ መሬት ጣለው።

ለቀብሩ መነሣት አልቻሉም። በስም ጥሪው ላይ "ጤነኛ ቀሪ፣ ሦስተኛ" ተባለ። እሑድ ጉባኤ ላይ እንደሚሰረዙ ጸሐፊው በር ድረስ መጥቶ ነገራቸው፤ አዝኖ፣ ርቆ ቆሞ፣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ። ለጤነኛ ሰው አፉን ለምን እንደሸፈነ ማንም አልጠየቀውም።

ትጊ መድኃኒት ይዛ መጣችና የሆነውን ስትሰማ ቀጥታ ኦቦ ተሾመ ቤት ሄደች።

"ኦቦ ተሾመ፣ ዛሬውኑ በደንብ ተወስዶ ይደገምላቸው። ቀን ካለፈ አይገኝም።"

"ያለፈ ጠርሙስ ተመልሶ መብራት ፊት አይቆምም፣ ልጄ። አንዱን ከመለስን ሁሉም ይመለሳል።"

"ጠርሙስ አይደሉም እኮ፤ ሰው ናቸው።"

"እሱማ ነው ችግሩ" አሉ ኦቦ ተሾመ። "ጠርሙስ ሰበብ የለውም።"

የኦቦ ተሾመ ባለቤት አዴ አያንቱ በር ላይ ቆመው ሰሙ። ትጊን ሲሸኟት "ይሄ ሰውዬ ሲያገባኝም በብርሃን አይቶኝ ነው" አሏት። "ዋቃዮ፣ እግዜር ይሁነው።"

ትጊ እትዬ ማሪቱን ከቤት እንዳይወጡ፣ ለሰውም እንዳያስተላልፉ መከረቻቸው። እትዬ ማሪቱ ግን ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው በሌላ ሐሳብ ተነሡ። በእድር ሕግ የበደለ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ቢታይ ዳኛው ሊራራለት ይችላል። ረቡዕ ዕለት ነጠላቸውን አጣፉ፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ከቤት ወጡ፤ ቢኒ አይቷቸው በባጃጁ ድንኳኑ ድረስ አደረሳቸው።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ነው ሁለት መስመር የሚባለው" አላቸው ሲያወርዳቸው።

"ዝም በል አንተ፤ ጤነኛ ነኝ። መሣሪያችሁ ብሏል።"

ድንኳኑ ውስጥ ኦቦ ተሾመ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሐዘን እንደ ዳኛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። እትዬ ማሪቱ ሲገቡ የዳኛው ፊት በራ። የተረቱ ሰው መስለው ስለገቡላቸው አይደለም ብለው ይምላሉ።

"ኑ፣ ኑ፣ እዚህ" አሉ፣ ከጎናቸው ያለውን ወንበር እያሳዩ። "ሰው ይይዎት። ትናንት አመመኝ ያሉት እትዬ ማሪቱ ዛሬ በእግራቸው መጥተዋል። እኔ ምን ብዬ ነበር?" ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ለቀስተኛ፣ ስሙኝ። እዚህ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በመሣሪያ የተረጋገጠ ጤነኛ ነው። ጉንፋን የያዛቸው ቤታቸው ናቸው። እንደዚህ ያለ ንጹሕ ለቅሶ በቡራዩ ታይቶ አይታወቅም።"

ንፍሮ ቀረበ፤ ለሁለት አንድ ሰሃን። እትዬ ማሪቱ ዳኛው አስቀምጠዋቸው ሊነሡ አልደፈሩም። ነጠላቸው ውስጥ ለመሳል ሞከሩ፤ ሳል ግን ሰው አያከብርም። ቀኑን ሙሉ ከአንድ ሰሃን ተቆነጠረ፤ ኦቦ ተሾመም ለሚመጣው ሁሉ እትዬ ማሪቱን እንደ ናሙና እያሳዩ ዋሉ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ተሾመን ብርድ ብርድ አላቸው። ቅዳሜ አጥንታቸውን ቆረጣጠማቸው። እሑድ ጠዋት ከጉባኤው ቀሩ።

የእድሩ አዳራሽ የሚባለው ድስትና ወንበር የሚቀመጥበት የቆርቆሮ ቤት ነው። እዚያ ተሰብስበን ስንጠብቅ አዴ አያንቱ ብቻቸውን መጡ። "ታሟል፤ ጉንፋን ነው። ይቅርታ አድርጉለት" አሉ።

ቢኒ ነው የተነሣው።

"በደንቡ መሠረት አዴ አያንቱ፣ ጉንፋን በአፍ አይነገርም።"

አለሙ ጋዋኑን ለብሶ ሄደ። ወደ ዳኛ አፍንጫ ሲሄድ እንደዚያ ቀን የከበደው ቀን እንዳልነበረ እግሩ ይናገር ነበር። ሲመለስ ማንንም ሳያይ "አንድ መስመር" አለ።

"ኤዬ" አለ ቢኒ፣ ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ። "ጤነኛ ናቸው። ባጃጄን ልኬላቸዋለሁ።"

ኦቦ ተሾመ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ገቡ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ጥርሳቸው ይጋጫል። የዳኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጸሐፊው የመጀመሪያውን አጀንዳ አነበበላቸው፦ የወይዘሮ ማሪቱ ስረዛ።

እትዬ ማሪቱ ከኋላ ተቀምጠዋል። ትኩሳቱ ለቋቸዋል፤ ፊታቸው ግን ከስቷል። ያን ጠዋት እናታቸው "እድሬ አለ?" ሲሏቸው "ስመለስ እነግርሻለሁ" ብለው ወጥተዋል። እናትየው ቁርሳቸውን አልነኩም።

"አሞኛል" አሉ ኦቦ ተሾመ። "ሌላ እሑድ ይሁን።"

"መሣሪያው አላለም ጋሼ" አለ ቢኒ።

"እኔ እያልኩህ!"

"እትዬ ማሪቱም ብለው ነበር።"

ኦቦ ተሾመ ወደ አለሙ ዞሩ። "አንተ፣ መቼ በደንብ አየኸኝ? እንደ ዝንብ አርፈህ ነው የተነሣኸው።"

"ታዲያ የአንቱን አፍንጫ እንደ በሬ ልያዘው?" አለ አለሙ። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነው።

ትጊ ከተቀመጠችበት ተነሣች። "እስቲ አለሙ፣ ለኦቦ ተሾመ ምን ያህል እንዳስገባህ አሳየኝ።"

አለሙ የትንሿን ጣቱን ጥፍር አሳየ።

"ለእትዬ ማሪቱስ?"

ያንኑ ጥፍር አሳየ።

"ለቢኒስ?"

አለሙ መላ ጣቱን ዘረጋ፤ ትንሽ አሰበና እጁን ጨመረበት።

አዳራሹ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ሁሉ አፍንጫቸውን ያዙ። ጋሽ ፈቀደ ቀስ ብለው "እኔ ጀመርክ ወይ ብዬው ነበር እኮ" አሉ።

"ታዲያ ይደገም" አሉ ኦቦ ተሾመ።

"ያለፈ ጠርሙስ ተመልሶ መብራት ፊት አይቆምም ብለውኛል" አለች ትጊ።

ኦቦ ተሾመ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ። ያንን ሰው እዚያ ቦታ ላይ ማየት ደስ የሚል ነገር አልነበረውም፤ ሆኖም ማንም ዓይኑን አላነሣም። በመጨረሻ "ዳኛ ስለሆንኩ ይደገምልኝ" አሉ። "በደንብ ያስገባው።"

አለሙ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ትጊ እንጨቱን ልታነሣ ስትል፣ ዕቃው የእሷ ስለሆነ የራሷን ዕቃ ታሞግሳለች ብለው ኦቦ ተሾመ እምቢ አሉ። ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የዳኛን አፍንጫ የሚደፍር አልተገኘም።

እትዬ ማሪቱ ከኋላ ተነሡ።

"አምጡት። እኔ ስንት ልጅ አፍንጫ ውስጥ የገባ ባቄላ አውጥቻለሁ።"

"ማሪቱ፣ ቀስ…" አሉ ኦቦ ተሾመ።

"ቀና በል አንተ" አሏቸው እትዬ ማሪቱ።

እንዲህ ያለ ነገር ለኦቦ ተሾመ የተነገራቸው ጠርሙስ ፋብሪካ ሳይገቡ በፊት መሆን አለበት። ቀና አሉ። እንጨቱ ገባ፤ አሁንም ገባ። ኦቦ ተሾመ የአዳራሹ ቆርቆሮ ላይ ያሉ ርግቦችን ያስነሣ ድምፅ አወጡ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ወረደ። ቢኒ ለጎረቤቱ "አሁን ሦስተኛ ክፍል ደርሰዋል" አለው።

ሩብ ሰዓት ተጠበቀ። ከዚያ ትጊ መመርመሪያውን ከፍ አድርጋ አሳየች። ሁለት መስመር።

"ይኸው" አሉ ኦቦ ተሾመ፣ በእፎይታ ወንበራቸው ላይ እየተዘረጉ። "አሞኛል አላልኳችሁም?"

"እንኳን ደስ አለህ" አሉ እትዬ ማሪቱ። "አሁን የእኔን ድገሙልኝ።"

ትጊ አንገቷን ነቀነቀች። "የእርስዎማ አልፏል እትዬ። አሁን በጥልቀት ቢገባም አንድ መስመር ነው የሚያሳየው። ድነዋላ።"

"እንዲያ ነው?" አሉ እትዬ ማሪቱ፣ እንጨቱን በእጃቸው እንደያዙ። "ስታመም ደጅ ቆማችሁ አጣችሁኝ፤ ስድን ገብታችሁ ታጡኛላችሁ።" ከዚያ ወደ ኦቦ ተሾመ ዞሩ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ በሽታ ከማን ያዘህ?"

"ከማንም ሊይዘኝ ይችላል። ነፋስ ነው።"

"አዴ አያንቱ፣ ሰውዬሽ በዚህ ሳምንት የት ነበር?"

"የት ይሄዳል?" አሉ አዴ አያንቱ። "ከድንኳን ቤት፣ ከቤት ድንኳን። እኔ ደህና ነኝ፤ ቤት ውስጥም ያመመው ሰው የለም።"

"ድንኳን ውስጥስ የታመመ ሰው ነበር?"

ኦቦ ተሾመ ያን ቀን ለለቀስተኛው የተናገሩትን ሁላችንም ሰምተን ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ በመሣሪያ የተረጋገጠ ጤነኛ ነው ብለዋል። ሁሉም ጤነኛ ከነበረ ዳኛው የታመሙት ከሬሳው ነው፤ ባለወፍጮው ደግሞ የሞተው በስኳር በሽታ ነው።

"የእኔ ሁለተኛ መስመር" አሉ እትዬ ማሪቱ፣ "እኔ ላይ እንቢ ብሎ አንተ ላይ ወጥቷል። ከአንድ ሰሃን ነው የበላነው። አልታመምኩም ካልክ አንተም አልታመምክም፤ ተነሥና ለቅሶህን ድረስ። ታመምኩ ካልክ እኔም ታምሜ ነበር።"

አዳራሹ ውስጥ "ዱጋ ዳ" የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ፤ ከጎኑ ያለው "እውነት ነው" ብሎ ተረጎመው፣ መተርጎም የሚያስፈልገው ሰው ባይኖርም።

ኦቦ ተሾመ ሁለቱን መስመሮች ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን ረጅም ጊዜ አዩአቸው። "በፋብሪካ" አሉ በመጨረሻ፣ "የተሰነጠቀ ጠርሙስ አልፎ ሰው እጅ ከገባ፣ ጠርሙሱን አንቀጣም። ያሳለፈውን ሰው ነው የምንጠይቀው።"

ሁሉም ወደ አለሙ አየ። አለሙ በአክብሮት፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ወደ ኦቦ ተሾመ አመለከተ።

ስረዛው ቀረ። የሁሉም ሽማግሌዎች ጤነኛ ቀሪነትም ተሰረዘ። ትጊ መሣሪያው አለ ሲል እንዲታመን፣ የለም ሲል ግን ሰውየው እንዲታመን ሐሳብ አቀረበች። ይህ ምናልባት የሚል ጠረን ስላለው ውድቅ ሆነ። በምትኩ ጉባኤው ደንቡን በሌላ መንገድ አሻሻለ፦ ከእንግዲህ ሽማግሌ የሚመረመረው ከእርሱ ጋር በተጣላ ሰው ይሆናል። በእኛ ሰፈር የዚህ እጥረት የለም። በዚያው ሰዓት ተመዝጋቢ ተጠይቆ፣ ኦቦ ተሾመን ለመመርመር ብቻ ሰልፉ አዳራሹን አልፎ አጥሩ ዘንድ ደረሰ።

እትዬ ማሪቱ ቤት ሲደርሱ እናታቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተው ነበር።

"እማዬ፣ እድርሽ አለ።"

አሮጊቷ ቀስ ብለው ዞሩ። "ጡሩንባውም?"

"ጡሩንባውም።"

"እንግዲያው ምን ያስቸኩለኛል" አሉ፤ ቀዝቅዞ የነበረውን ቁርሳቸውንም እንዲያሞቁላቸው አዘዙ።